ማሪዮ የነበረችው ማሪቤል፤ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን አለመክፈት

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዲሴምበር 2004 በመካከለኛው ሜክሲኮ፣ ጓናጁዋቶ ግዛት ውስጥ የሚገኘው አትሌቲኮ ሴላያ አዲስ አጥቂ አስፈረመ። ውሉ የሁለት ዓመት ነበር። ሴላያ ያኔ በወንዶች ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ክለብ ነው፤ ስሙም የሚታወቀው በ1990ዎቹ ኤሚሊዮ ቡትራጌኞ ከሪያል ማድሪድ መጥቶ ስለተጫወተበት ነበር። ያስፈረመው አጥቂ ግን እንደ ቡትራጌኞ አልነበረም። ሴት ነበረች። ስሟ ማሪቤል ዶሚንጌዝ፣ ዕድሜዋ 26፣ የአገሯ ሰዎች ያወጡላት ቅጽል ደግሞ ማሪጎል።

ወሬው በአንድ ሳምንት ዓለምን አዳረሰ። የሜክሲኮ ፌዴሬሽን ጉዳዩን ወደ ፊፋ መራው። የፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴም ገና ወሩ ሳያልቅ መልሱን ሰጠ፤ አይቻልም። ምክንያቱም አጭር ነበር። የወንዶችና የሴቶች እግር ኳስ በግልጽ ተለያይተው መቆየት አለባቸው፣ ደንቡም ልዩ ሁኔታ አያውቅም የሚል ነው። ፋይሉ እዚያው ተዘጋ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያስታውሰው «ሴት ከወንድ ጋር ተሰልፋ ትጫወት ወይስ አትጫወት» በሚለው ክርክር ነው። ክርክሩ ለቡና ቤት ወሬ ይመቻል፣ ዋናውን ነገር ግን ይሸፍናል። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ሴትና ወንድ ይለያዩ ብሎ የወሰነ አካል፣ ለሴቷ የተለየውን ቦታ የት አዘጋጀላት? በዚያ ዓመት በሜክሲኮ ለሴቶች የተቋቋመ አንድም የፕሮፌሽናል ሊግ አልነበረም። ማሪቤል ከወንዶቹ ሜዳ ውጪ ተባለች፤ የሴቶቹ ሜዳ ግን ገና አልተሠራም ነበር።

የዚህች ሴት ሕይወት ሲገለጥ የሚታየውም ይኸው ነው። በየደረጃው አንድ በር ሲዘጋባት ሌላ በር አልተከፈተላትም።

*ማሪዮ የተባለው ልጅ*

ማሪቤል የተወለደችው በ1978 በሜክሲኮ ሲቲ ሲሆን ያደገችው ከዋና ከተማዋ በስተምሥራቅ ዳርቻ ባለችው በቻልኮ ነው። ቻልኮ ከየገጠሩ የፈለሰ ድሃ የሰፈረባት፣ መንገዷ አቧራ የሆነ አካባቢ ነበረች። እንዲህ ባለ ሰፈር ኳስ የሌለበት ቀን የለም። ኳሱ ግን የወንዶች ልጆች ነው።

ልጅቱ መላ አገኘች። ፀጉሯ አጭር ነው፤ ስሟን ማሪዮ አለች። የሰፈሩ ልጆችም ማሪዮ ብለው ተቀበሏት፤ ለዓመታት አብራቸው ተጫወተች፤ ጎበዝ ስለነበረችም ቡድን ሲከፋፈሉ ትፈለግ ነበር። እውነቱን ያወቁት ፎቶዋን ከሴቶች ቡድን ጋር ጋዜጣ ላይ ሲያዩ እንደሆነ ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። ለምን እንደደበቀችም ስትጠየቅ መልሷ ያው ነው። ሴት መሆኗን ቢያውቁ እንዳያጫውቷት ፈርታ ነው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል። አድማጩ ይስቃል፣ የልጅቱንም ብልጠት ያደንቃል። ነገር ግን አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ኳስ ለመምታት ስሟን መቀየር ካስፈለጋት፣ ከብልጠቷ ይልቅ ሊያስደንቅ የሚገባው በዙሪያዋ የነበረው ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው በር የተዘጋው ዙሪክ ባለው የፊፋ ቢሮ አይደለም፤ በቻልኮ አቧራ ላይ ነው። ያንን በር ማሪቤል በሐሰት ስም ገባችበት። ከዓመታት በኋላ በእውነተኛ ስሟ ፈርማ ለመግባት ስትሞክር ግን ተመለሰች። ማሪዮ የተፈቀደለትን ማሪቤል ተከለከለች።

*ሜክሲኮ የረሳችው ዓመት*

«የሜክሲኮ ሕዝብ የሴት እግር ኳስ አይወድም» የሚለው ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ክለቦቹም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ፌዴሬሽኑም ብለውታል። ታሪኩ ግን ይህን አያሳይም።

በ1971 ሜክሲኮ ፊፋ የማያውቀውን የሴቶች የዓለም ውድድር አዘጋጀች። የፍጻሜው ጨዋታ በአዝቴካ ስቴዲየም ሜክሲኮንና ዴንማርክን አገናኘ። በዚያ ቀን የገባው ተመልካች ወደ 110,000 ይገመታል። ያ አዝቴካ ገና አምና ፔሌ ዋንጫ ያነሣበት ሜዳ ነው። ዴንማርክ 3 ለ 0 አሸነፈች፤ ሦስቱንም ግብ ያገባችው ሱሳነ አውጉስተሰን የ15 ዓመት ልጅ ነበረች።

ከፍጻሜው በፊት የሜክሲኮ ተጫዋቾች ጥያቄ አንሥተው ነበር። ስቴዲየሙ በሰው ተሞልቶ፣ ትኬትና ማስታወቂያ ተሸጦ፣ ለእኛስ ምን ተረፈን? አሉ። በጋዜጦች ስግብግብ ተባሉ፣ በመጨረሻም ያለ ክፍያ ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ሊግ አልመጣም፣ ድጋፍም አልመጣም። ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ውድድሩን እንዳልተደረገ ቆጠረው። እነዚያ ሴቶች ወደ ሥራቸውና ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ የሚቀጥለው ትውልድም ከእነሱ በፊት ማንም ያልተጫወተ እየመሰለው አደገ። ማሪቤል ከሰባት ዓመት በኋላ ስትወለድ በአገሯ የሴት ተጫዋች ምሳሌ የሚሆናት አልነበረም፤ ስላልነበሩ ሳይሆን ስለተረሱ።

ስለዚህ ችግሩ የተመልካች እጥረት አልነበረም። ተመልካች መጥቶ ነበር። ያልመጣው የመጣውን ሕዝብ በየሳምንቱ ሊያስተናግድ የሚችል ተቋም ነው።

*ግብ ስታገባ የነበረች*

ሜክሲኮ በሴቶች የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1999 አሜሪካ ላይ ነው። አሰልጣኙ ሊዮናርዶ ኩዌያር ይባላል፤ በ1978 የዓለም ዋንጫ ለሜክሲኮ የተጫወተ ሰው ነው። አገር ውስጥ ሊግ ስለሌለ ኩዌያር ብዙ ተጫዋቾች ያሰባሰበው በአሜሪካ ኮሌጆች ከሚማሩ የሜክሲኮ ስደተኞች ልጆች ነበር። ማሪቤል ከአገር ውስጥ ከተገኙት ናት።

ቡድኑ በመጀመሪያው ጨዋታ በብራዚል 7 ለ 1 ተሸነፈ። ጀርመን 6 አገባችበት፣ ጣሊያን 2። በሦስት ጨዋታ 15 ግብ ተቆጥሮበት አንድ ብቻ አገባ። ያቺን አንድ ግብ ያገባችው የ20 ዓመቷ ማሪቤል ናት፤ ሜክሲኮ በሴቶች የዓለም ዋንጫ ያስቆጠረችው የመጀመሪያ ግብም ያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የስደት ታሪክ ነው። በ2002 ካንሳስ ሲቲ ሄደች። በ2003 ያኔ የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች በተሰበሰቡበት የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ለአትላንታ ቢት ተሰለፈች፤ ቡድኗም እስከ ፍጻሜ ደረሰ። የፍጻሜው ጨዋታ በተደረገ በሳምንታት ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 2003፣ ሊጉ ገንዘብ አልቆበት ፈረሰ። ማሪቤልም ያለ ሥራ ቀረች።

ያኔ በሙያዋ ጫፍ ላይ ነበረች። በ2004 መጀመሪያ ላይ ለኦሎምፒክ ማጣሪያ ሜክሲኮ ካናዳን ስትገጥም ሁሉም የጠበቀው የካናዳን ማሸነፍ ነበር። ሜክሲኮ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ሁለቱንም ግቦች ያገባችው ማሪቤል ናት። በአቴንስ ኦሎምፒክም ቡድኑ ከቻይና 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ በጀርመን ተሸንፎ፣ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደረሰና በብራዚል ተሰናበተ። ለሜክሲኮ ሴቶች ያ ትልቅ ውጤት ነበር።

ከኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ ስትመለስ ግን የምትጫወትበት የፕሮፌሽናል ክለብ በአገሯ የለም። የአሜሪካው ፈርሷል። ሴላያ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

*በወንድ ያለቀ ጉዳይ*

ለፊፋ ውሳኔ የሚቆም ሰው ክርክር አለው፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ የአካል ጥንካሬ ልዩነት አለ። ሁለተኛ፣ የወንዶቹ ሊግ ለሴት ከተከፈተ የሴቶቹ ሊግ ለወንድ አይከፈትም ለማለት ምን መከራከሪያ ይኖራል? የሴቶች ውድድር ራሱን ችሎ የሚቆመው በመለየቱ ነው። ሦስተኛ፣ ክለቦቹ የሚፈልጉት ተጫዋቿን ሳይሆን ካሜራውን ሊሆን ይችላል። ከሴላያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጣሊያኑ ፔሩጃ ጀርመናዊቷን ብርጊት ፕሪንዝ ለወንዶች ቡድኑ ሊያስፈርም ሞክሮ ነበር፤ ፕሪንዝም አልፈልግም ብላ መልሳለች። ብዙዎች ጥያቄውን የማስታወቂያ ዘዴ ነው ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሦስቱም ነጥቦች ሚዛን የሚደፉ ናቸው። ነገር ግን ሦስቱም የሚሠሩት አንድ ነገር ሲሟላ ነው፤ የተለየው የሴቶች ውድድር በእርግጥ ካለ። ፕሪንዝ አልፈልግም ማለት የቻለችው በአገሯ የምትመለስበት ሊግ ስለነበራት ነው። ማሪቤል ግን በአገሯ እንዲህ ያለ አማራጭ አልነበራትም። ለሌለ ነገር መጠበቂያ አጥር ማጠር ደግሞ መጠበቅ ሳይሆን መከልከል ነው።

በአማርኛ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል አሮጌ ተረት አለ። የሴላያ ጉዳይ ቃል በቃል እንዲያ ነው ያለቀው። በ2004 የፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ውስጥ አንዲት ሴት አልነበረችም። የመጀመሪያዋ ሴት፣ የቡሩንዲዋ ሊዲያ ንሰኬራ፣ ወደ ኮሚቴው የገባችው በ2012 ነው። በዚያው በ2004 ጃንዋሪ የፊፋው ፕሬዚዳንት ሴፕ ብላተር የሴቶች እግር ኳስ ተመልካች እንዲያገኝ ተጫዋቾቹ ጠበብ ያለ ቁምጣ ቢለብሱ ጥሩ ነው ብሎ ዓለምን አነጋግሮ ነበር። ዓመቱ በቁምጣ ምክር ተጀምሮ በክልከላ ተዘጋ። በመካከሉ ለሜክሲኮ ሴቶች ሊግ ይቋቋም የሚል ድምፅ ከዚያ ቢሮ አልተሰማም።

ማሪቤል ከክልከላው በኋላ አልተቀመጠችም። በ2005 ወደ ባርሴሎና የሴቶች ቡድን ሄደች፤ በስፔንም ለዓመታት ተጫወተች። ሜክሲኮ ምርጥ አጥቂዋን ያየቻት ብሔራዊ ቡድኑ ሲጠራት ብቻ ነው።

ሲጠራትም መጣች። በኖቬምበር 2010 ካንኩን ላይ ሜክሲኮ አሜሪካን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግማሽ ፍጻሜ ገጠመች። ሜክሲኮ ከዚያ በፊት አሜሪካን አሸንፋ አታውቅም። ማሪቤል በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አገባች፤ ጨዋታውም 2 ለ 1 አለቀ። አሜሪካ ወደ ዓለም ዋንጫ ለመግባት ከጣሊያን ጋር ተጨማሪ ማጣሪያ መጫወት ግድ ሆነባት። በ2011 ጀርመን ላይም ማሪቤል፣ በ32 ዓመቷ፣ በኒውዚላንድ ላይ ሌላ የዓለም ዋንጫ ግብ ጨመረች። የሜክሲኮ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆና ጫማዋን ሰቀለች።

*በሩ ሲከፈት ከነመቆለፊያው*

የሜክሲኮ ክለቦች የሴቶች ሊግ እንደሚያቋቁሙ ያስታወቁት በ2016 መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው በጁላይ 2017። ከፊፋ ውሳኔ ሲቆጠር 12 ዓመት ተኩል አለፈ። ሊጉ በመጀመሪያ ከ23 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች የታሰበ ስለነበረ ለአንጋፎቹ የተተወው ቦታ ጥቂት ነበር። ማሪቤል 38 ዓመቷ ነበር። ለእሷ ትውልድ በሩ የተከፈተው ጨዋታው ካበቃ በኋላ ነው።

ሕዝቡስ መጣ? መጣ። በኖቬምበር 2017 ቺቫስ ፓቹካን አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲወስድ ጓዳላጃራ ስቴዲየም ከ32,000 በላይ ሰው ነበር። በሜይ 2018 ሞንቴሬይና ቲግሬስ በፍጻሜው ሲገናኙ ከ51,000 በላይ ሰው ገባ። ከ1971 ጀምሮ «ሕዝቡ አይፈልግም» ሲባል የኖረው በአንድ ዓመት ውስጥ ሐሰት ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ በደስታ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን በሴፕቴምበር 2021 የሜክሲኮ የውድድር ኮሚሽን ምርመራውን ይፋ አደረገ። የኮሚሽኑ ሥራ ነጋዴዎች በዋጋ ላይ እንዳይመሳጠሩ መቆጣጠር ነበር፤ ያገኘውም ክለቦቹ በሴቶቹ ደሞዝ ላይ ተመሳጥረው እንደነበር ነው። ሊጉ ሲጀመር ክለቦቹ ተስማምተው የደሞዝ ጣሪያ አስቀምጠዋል። ከ23 ዓመት በላይ ለሆነች ተጫዋች በወር እስከ 2,000 ፔሶ፤ ከ23 በታች ለሆነች 500 ፔሶና አንድ የሥልጠና ኮርስ፤ ከ17 በታች ላሉት ምንም ደሞዝ የለም፣ የትራንስፖርት፣ የትምህርትና የምግብ ድጋፍ ብቻ። 500 ፔሶ ያኔ 30 ዶላር አይሞላም። 50,000 ሰው ትኬት ቆርጦ የሚያያት ልጅ የወር ደሞዝ ማለት ነው።

ኮሚሽኑ 17 ክለቦችን፣ ፌዴሬሽኑንና ስምንት ግለሰቦችን በድምሩ 177.6 ሚሊዮን ፔሶ ቀጣ። ቅጣቱ የወንዶችን ዝውውር በሚመለከት የተደረገውን ስምምነትም ያካተተ ነው። የሴቶቹ ጉዳይ ግን ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። እነዚህ ክለቦች በሜዳ ላይ ተፎካካሪዎች ናቸው፤ ለአንድ ወንድ ተጫዋች ሚሊዮኖች ያወጣሉ። ሴቶቹን ርካሽ አድርጎ ለማቆየት ግን ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መስማማት አላቃታቸውም።

ይህ ከ2004ቱ ውሳኔ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። ያኔ «ሴቶች የራሳቸው ሜዳ ይኑራቸው» ተባለ። ሜዳው ሲመጣ ደግሞ ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። በሁለቱም ጊዜ የወሰኑት ሌሎች ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ ተጫዋቾቹ አልተጠየቁም። በ1971 ድርሻችን የታለ ብለው ስግብግብ የተባሉት ሴቶች ጥያቄ ከ50 ዓመት በኋላ በአንድ የመንግሥት ተቋም ሰነድ ላይ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

*ገድል ሳይሆን ሕይወት*

ማሪቤልን ቅድስት ማድረግ አያስፈልግም። ከተጫዋችነት በኋላ ወደ አሰልጣኝነት ገብታ በ2021 የሜክሲኮ ከ20 ዓመት በታች ሴቶች ቡድንን ያዘች። በ2022 ግን፣ ለኮስታሪካው የዓለም ዋንጫ ሳምንታት ሲቀሩ፣ ፌዴሬሽኑ በአሰልጣኝ ቡድኑ አሠራር ላይ ምርመራ ከፍቶ እሷንና ረዳቶቿን ከቦታቸው አነሣ፤ ቡድኑም በሌላ አሰልጣኝ ተመርቶ ሄደ። መብቷ የተጣሰባት ሰው በሌላ ጊዜ ተጠያቂ ልትሆን ትችላለች፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። በሯን የዘጉባት ሰዎች የተሳሳቱት እሷ እንከን የለሽ ስለሆነች አይደለም። የመጫወት መብት የመልካም ጠባይ ሽልማት አይደለምና።

ሌላም መታለፍ የሌለበት እውነት አለ። ሊግ መኖሩ ብቻውን ሁሉን አያስተካክልም። የሜክሲኮ ብሔራዊ ቡድን ለ2019ም ለ2023ም የዓለም ዋንጫ አላለፈም። በ2022 በገዛ አገሩ፣ ሞንቴሬይ ላይ በተደረገው ማጣሪያ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ አንድም ግብ ሳያገባ ወጣ። አንዳንዶች ይህን አይተው «ሊጉስ ምን ፈየደ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ቸኩሏል። ለ46 ዓመት ያልተዘራ መሬት በአምስት ዓመት ጎተራ አይሞላም።

ፍሬው ግን ብቅ ማለት ጀምሯል። በኦገስት 2025 የቲግሬሷ አጥቂ ሊዝቤት ኦቫሌ ወደ አሜሪካው ኦርላንዶ ፕራይድ ስትዛወር የተከፈለባት 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተዘገበ፤ ያኔ በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ ትልቁ የዝውውር ዋጋ ነበር። ኦቫሌ የተወለደችው በ1999 ነው፣ ማሪቤል በብራዚል ላይ ያቺን አንድ ግብ ባገባችበት ዓመት። ሊጉ በ2017 ሲጀመር ገና 18 አልሞላትም፤ ቲግሬስ ገባች፣ በዚያው አደገች። ስሟን መቀየር አላስፈለጋትም። የወንዶች ክለብ ደጅ መጥናትም አላስፈለጋትም።

በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ ነው የሚል ሰው ካለ ካንኩንን ይመልከት። ልዩነቱ አንዷ 17 ዓመት ሲሆናት በአገሯ ሊግ መኖሩ፣ ሌላዋ 17 ሲሆናት አለመኖሩ ነው። ለዚህም ነው የሴላያ ታሪክ ዛሬም መነሣት ያለበት። ሴት ከወንድ ጋር ትሰለፍ ለማለት አይደለም። «ለእናንተ የሚገባው ሌላ ቦታ ነው» የሚል ባለሥልጣን፣ የስፖርትም ይሁን የሌላ፣ በተናገረ ቁጥር መጠየቅ ያለበትን አንድ ጥያቄ ለማስታወስ ነው።

ያ ሌላ ቦታ የት ነው? ተሠርቷል ወይ? በሩስ ቁልፉ በማን እጅ ነው?